ዓባይ በረሃ የሚወርድ ስፖርት መኪና ምን ይጫማ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስፖርት መኪና ማየት ብርቅ ነው። ባጃጅ በሞላበት ከተማ ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና ስታልፍ ሕፃናት ይሮጡላታል፤ የባጃጅ ሾፌሮችም አንገታቸውን አውጥተው ያይዋታል። የሰፈራችን አንድ ወጣት ያገለገለች ቶዮታ 86 ከአዲስ አበባ ገዝቶ የመጣ ሰሞንም እንዲሁ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ጎማዋ ነው። ጥርሱ አልቆ መሃሉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ልጁ በዚያ ጎማ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ ገብቷል። እናቱ ስለት ሳይኖርባት አይቀርም።

"ጋሼ፣ ጎማ ልቀይርላት ነው። መንገድ የሚይዘው የትኛው ነው?" አለኝ።

የጠበቀው የብራንድ ስም ነበር። እኔ ደግሞ በጥያቄ መለስኩለት። "የትኛውን መንገድ?"

የተነጋገርነውን ነው እዚህ የማሰፍረው። ስፖርት መኪና ባይኖራችሁም አትለፉት፤ አብዛኛው ለቪትዝም ለኮሮላም ይሠራል።

አራት መዳፍ

መኪናዋ 1,240 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ለአራት ሲካፈል በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 310 ኪሎ ያርፋል። ጎማው ውስጥ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ንፋስ ካለ፣ አስፋልቱን የሚነካው የጎማ ክፍል በስሌት 140 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጣቶቻችሁን ግጠሙና እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ፍሬን ስትይዙ፣ ኩርባ ስትዞሩ፣ ነዳጅ ስትረግጡ መኪናው ያለው እነዚህ አራት መዳፎች ብቻ ናቸው። 200 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርም ሆነ ውድ ፍሬን ሥራውን የሚሠራው በእነሱ በኩል ነው።

መዳፉ አስፋልቱን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ነው። ደረቅና ንጹሕ ጎማ ደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ ሲያርፍ በጥቂቱ ይጣበቃል። ሁለተኛው መስመጥ ነው። ጎማ ለስላሳ ስለሆነ በአስፋልቱ ጠጠሮች መሃል ይሰምጣል። ከአንዱ ጠጠር ወደ ሌላው ሲሻገር ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ትንሽ ይዘገያል። ያ መዘግየት ጉልበት ይበላል፤ የተበላው ጉልበትም ሙቀት ይሆናል። የሚይዝ ጎማ ቶሎ የሚሞቀውና ቶሎ የሚያልቀው፣ ነዳጅም የሚጨምረው ለዚህ ነው። ጸጋውም ዕዳውም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው።

ዝናብ ሲመጣ ውሃው መሃል ስለሚገባ መጣበቁ በአብዛኛው ይጠፋል። የሚተርፈን መስመጡ ነው። ስለዚህ እርጥብ መንገድ ላይ ጎማን ከጎማ የሚለየው የጎማው ቅመም፣ ማለትም የተሠራበት ድብልቅ ነው። ከ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ፋብሪካዎች ጎማን ከሚያጠቁረው ጥላሸት ጋር ሲሊካ መቀላቀል ጀመሩ። ሲሊካ የአሸዋ ዘመድ ነው። ጎማው ውሃ ላይ እንዲይዝ፣ ያም ሆኖ ነዳጅ እንዳያስበላ የረዳው እሱ ነው። ሁለት ጎማዎች ቁመናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋቸው እጥፍ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቅመም ነው። ቅመሙ ደግሞ በዓይን አይታይም።

የእኛ ክረምትና የፈረንጅ ክረምት

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ጉድ ይሠራናል። ጎማ ሻጮች "ሳመር" እና "ዊንተር" ይላሉ። አንዳንዱ ሰው ይተረጉመውና "የበጋ ጎማ" እና "የክረምት ጎማ" ይለዋል። ከዚያ ምን ይሆናል? ሰኔ ሲገባ "ክረምት መጣ" ብሎ የክረምት ጎማ የሚፈልግ ሰው ይገኛል። ከአውሮፓ ባገለገለ መኪና ላይ የመጣ ዊንተር ጎማ ካገኘማ ዕድለኛ የሆነ ይመስለዋል።

የእነሱ ዊንተር በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ዊንተር ጎማ ለቅዝቃዜ ተብሎ በጣም እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥርሱም በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ነው። ሞቃት አስፋልት ላይ እንደ ማስቲካ ይላወሳል፤ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይሄዳል፤ ቶሎም ያልቃል። ምልክቱ ጎኑ ላይ አለ፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። ያን ምልክት የያዘ ዊንተር ጎማ ለጎጃም አይሆንም። ጮቄ ተራራ ላይ በረዶ ሲወርድ አይቻለሁ የሚል ይኖራል፤ ግን ለዚያ ተብሎ ጎማ አይገዛም።

ሳመር ጎማ ደግሞ የሚሠራው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሆነ አየር ነው። ከዚያ በታች ቅመሙ ይደድራል። ዝናብን በተመለከተ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ የአውሮፓ ሳመር ዝናብ የማያጣው ነውና። ስለዚህ የፈረንጁ ሳመር ጎማ ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ የተሠራ ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ በኅዳር ንጋት ብርዱ ሲከፋ ግን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ረጋ በሉ። ጎማውም እንደ ሰው ፀሐይ እስኪሞቅ ይፈልጋል።

ከሳመር ጎማ ውስጥም ደረጃ አለ። ከታች ለምቾትና ለዕድሜ የተሠራው ተራ የጉዞ ጎማ ነው። ከእሱ በላይ የሚይዝ፣ ዝናብንም የሚችል የስፖርት ጎማ አለ። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት፣ ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት፣ ጉድይር ኢግል ኤፍ 1 አሲሜትሪክ የሚባሉት እዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ለውድድር ሜዳ የቀረበ ጎማ አለ፤ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ ዓይነት። ይህኛው ደረቅና ሞቃት መንገድ ላይ ወደር የለውም። ቅመሙ ግን ቶሎ ያልቃል። ውሃ የሚያስወጣ ቦዩም ትንሽ ስለሆነ፣ የተጠራቀመ ውሃ ላይ በቶሎ ይንሳፈፋል።

ወጣቱ ዓይኑ የነበረው በመጨረሻው ላይ ነው። ቪዲዮ ላይ አይቶታል። ቪዲዮው ላይ ግን ዝናብም አህያም አልነበረም።

በነገራችን ላይ ቶዮታ 86 ከፋብሪካ ስትወጣ ሚሽሊን ፕራይመሲ ኤችፒ የሚባል ተራ የጉዞ ጎማ ነበር የምታደርገው። ፕሪየስ የምታደርገው ዓይነት። ሆን ተብሎ ነው። መሐንዲሶቹ የፈለጉት ብዙ ሳይፈጥን የኋላው እንዲንሸራተትና ሾፌሩ እንዲዝናና ነው። ለባዶ ሜዳ ቆንጆ ሐሳብ ነው። ደጀን ቁልቁለት ላይ ከፊት የጭነት መኪና፣ ከጎን ገደል ይዛችሁ የኋላው ሲንሸራተት ግን መዝናናቱ ይቀራል። "ፋብሪካው የሰጠው ሁልጊዜ ምርጥ ነው" የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

በሴኮንድ 14 ሊትር

ሒሳብ የማትወዱ ታገሡኝ፤ አጭር ነው። አስፋልቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ ተኝቷል እንበል። ጎማው 215 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትሄዳላችሁ። ያ ማለት በሴኮንድ 22 ሜትር ነው። አንድ የፊት ጎማ በየሴኮንዱ ከፊቱ መግፋት ያለበት ውሃ ከ14 ሊትር ይበልጣል። የ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሦስተኛ በላይ፣ በአንድ ሴኮንድ፣ በአንድ ጎማ።

ያን ውሃ የሚወስዱት ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ናቸው። አዲስ ጎማ ቦዩ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ሲያልቅ ውሃው መሄጃ ያጣል። ጎማው ውሃውን መግፋት ሲያቅተው ላዩ ላይ ይወጣል። መሪው በድንገት ይቀላል፤ ፍሬኑም ምንም አይሠራም። ጀልባ ሆናችኋል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ቦዩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ያንን ልክ ያሳያሉ፤ ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ አልቋል። እኔ ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ክረምትን በእሱ አልገባም። ለመለካት የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ ክተቱ፣ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉ፣ ማስመሪያ ላይ አስቀምጡት። በቃ።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? እንደገና ስሌት። በ80 ፍጥነት ጥሩ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 28 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። ጥሩ የዝናብ ቅመም ያለው ጎማ እርጥብ ላይ 36 ሜትር ይፈልጋል። የመያዝ አቅሙ የወረደ፣ ያረጀ ጎማ ግን በዚያው እርጥብ መንገድ 63 ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል። በሁለቱ መካከል 27 ሜትር አለ። በገበያ ቀን ደምበጫ ወይም ቡሬ መግቢያ ላይ በ27 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት አህያ፣ ስንት ባጃጅ እንደሚኖር እናንተው ቁጠሩት።

ለዚህ ነው ለልጁ ገንዘብህን ዝናቡ ላይ አውጣ ያልኩት። በደረቅ መንገድ መካከለኛ ጎማም ያቆምሃል። ዋጋ ያለው ልዩነት የሚታየው እርጥብ ላይ ነው። አውሮፓ የሚሸጡ ጎማዎች ከ2012 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ዝናብ ላይ የመያዝ ደረጃው በፊደል ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያው ፊደል የተሻለው ነው። ወረቀቱ ካለ እሱን እዩ።

ሌላ የተሳሳተ ሐሳብም አለ። "ሰፊ ጎማ የበለጠ ይይዛል።" ደረቅ ላይ በጥቂቱ እውነት ነው። ውሃ ላይ ግን ሰፊ ጎማ የሚገፋው ውሃ ይበዛል፤ ቀድሞም ይንሳፈፋል። በሰፊና በስስ ነገር ውሃን መምታትና በጠባብ መሰንጠቅ አንድ አይደለም። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

በረባሶ ሠሪው የሚያውቀው

ስለ ጎማ አሠራር ጥሩ አድርጎ ያስረዳኝ መሐንዲስ አይደለም። ገበያ ውስጥ በረባሶ የሚሠራ ሰው ነው። አሮጌ ጎማ ሲያመጡለት መጀመሪያ በጩቤው ጫፍ ይነካካዋል። መሬት የሚረግጠው ክፍል ውስጥ የብረት ሽቦ ካለ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጩቤውን ያበላሽበታል። ጎኑን ግን እንደ ቆዳ ይቆርጠዋል። ጎኑ ውስጥ ያለው ክር እንጂ ሽቦ አይደለም።

የዛሬ የመኪና ጎማ እንዲህ ነው። መሬት የሚነካው ክፍል ሥር የብረት ቀበቶ አለ። ጎኑ ግን ክርና ጎማ ብቻ ነው፤ መተጣጠፍ አለበትና። ጩቤ የሚቆርጠውን ደግሞ የጉድጓድ ጠርዝም ይቆርጠዋል።

የስፖርት ጎማ ችግር እዚህ ጋ ነው። መሪ ሲዞር እንዳይላወስ ጎኑ አጭር ይደረጋል። የልጁ መኪና ልኳ 215/45 አር 17 ነው። 215 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 45 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው። ወደ 97 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መሃል ያለው ያ 97 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከተቆነጠጠ ክሩ ይበጠሳል። በማግስቱ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያክል እብጠት ታያላችሁ። ያ እብጠት አይለጠፍም፣ አይጠገንም። ጎሚስታው "ችግር የለውም፣ ይሄዳል" ቢላችሁ እንኳ አትስሙት።

ይህችው መኪና በአንዳንድ አገር 205/55 አር 16 አድርጋም ትሸጥ ነበር። ጎኑ 113 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር የሚለየው በ1 በመቶ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው ብዙም አይዋሽም። 16 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትንሽ ይመስላል። ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ፒስታ ለሚወጣ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። በዚያ ላይ ጎማው ረከስ ይላል፤ ገበያ ላይም በቀላሉ ይገኛል። ኮሮላዎችም የሚያደርጉት ልክ ነው። የፍሬኑ ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) በ16 ኢንች ቸርኬ ውስጥ መግባቱን ብቻ አረጋግጡ። የማይገባላቸው መኪናዎች አሉ።

ቸርኬ ማሳነስ ለወጣት ጆሮ ስድብ ነው። ትልቅ ቸርኬ ያምራል። እኔም አምናለሁ፣ ያምራል። የመንገድ ዳር ጎሚስታ ጋ ቆሞ ሲታይ ግን ብዙም አያምርም።

ሙቀት፣ ከፍታና ንፋስ

ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ጃፓኖች የሠሩት የህዳሴ ድልድይ ያለበት የዓባይ ሸለቆ ወለል ደግሞ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳላችሁ። ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ይህን ያውቃል።

የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደጋ ላይ የውጭው አየር ስስ ነው። ስለዚህ ደጀን ላይ 33 የሚያሳይ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ድልድዩ ጋ 31 ገደማ ያሳያል። ንፋስ አልወጣም፤ የውጭው አየር ነው የከበደው። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። በረሃው ይሞቃል፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ያሞቃል፤ ቸርኬውም ጎማውን። በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። 20 ዲግሪ ከሞቀ ከ3 በላይ ጨመረ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣጣሙ መለኪያው ላይ የሚታየው ጭማሪ ትንሽ ነው።

ታዲያ በረሃው ላይ ቆመው ከሞቀ ጎማ ንፋስ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አሉ። "እንዳይፈነዳ" ይላሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ንፋስ ሲቀንስ የጎማው ጎን በየዙሩ የበለጠ ይታጠፋል። ብዙ መታጠፍ ብዙ ሙቀት ነው። ጎማን የሚያፈነዳው በአብዛኛው ይህ ሙቀት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከልክ በታች ሆኖ ይገኛል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ነው፤ ጎማው ቀዝቅዞ፣ መኪናው ሳይሄድ። ልኩም ሾፌሩ በር ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻ ጣሪያው ነው፤ የመኪናችሁ ልክ አይደለም።

ናይትሮጅን እንሙላላችሁ ለሚሉት ደግሞ፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ግን መብታችሁ ነው።

ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑ ባልሞቀ ቁጥር ጎማውም አይሞቅም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው

ከልኩ ቀጥሎ 87 ደብሊው ዓይነት ነገር ታያላችሁ። 87 የጭነት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 91 ከሆነ 615 ኪሎ ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በጎጃም መንገድ 270 የሚነዳ የለም፤ አይሞክርም። ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል ስለሚናገር ፋብሪካው ካዘዘው በታች አትውረዱ። ከፍ ያለ ፊደል ዝናብ ላይ ይይዛል ማለት እንዳልሆነም እወቁ።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ጎማው ቶሎ ማለቅ አለማለቁን የሚናገር፣ ትሬድዌር የሚባል ቁጥር አለ። 200 ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ 300 የስፖርት ጎማ መካከለኛ ነው፤ 500 እና ከዚያ በላይ ለታክሲ ሠሪ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር በጭፍን አታወዳድሩ።

ከሁሉም በላይ የማየው ግን የምርት ቀኑን ነው። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። እዚህ ላይ እኔው ራሴ ተሸውጃለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጎማ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ቁጥሩ 3217 ይላል። ሻጩ በኩራት "እየው፣ 17 ነው የሚለው፤ የዘንድሮ ምርት ነው!" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ሳስበው 17 የተባለው በፈረንጆቹ ነው። የ2017 32ኛ ሳምንት በእኛ አቆጣጠር የነሐሴ 2009 መጀመሪያ ነው። "የዘንድሮ" ያልነው ጎማ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ነበር የቀረው። ሻጩ አታሎኝ ይሁን እሱም ተታልሎ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ ላይ ሱቅ ደጃፍ የተደረደረማ ከዚያም በፈጠነ። ቅመሙ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ ዝናብ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢያምርም ይጣል ይላሉ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ከቆየ ዝነኛ ብራንድ ይልቅ ትኩስ የሆነ መካከለኛ ብራንድ እመርጣለሁ።

ሁለት ብቻ መግዛት የምችል ብሆንስ?

ልጁ ይህን ጠየቀኝ። አራቱንም በአንዴ መግዛት የዋዛ አይደለም፤ አልፈርድበትም። አዲሶቹ ሁለቱ ከኋላ ይሁኑ አልኩት። አልዋጥለት አለ። የፊቱ አይደል መሪውን የሚይዘው?

የፊቱ ውሃ ላይ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ሾፌሩ ይሰማዋል፤ እግሩን ያነሳል፤ መኪናው ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል። የተለማመደ ሾፌር ካልሆነ የሚመልሰው የለም። የኋላ እግሩ የከዳው በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? በኋላ ጎማ ለምትገፋ መኪና ደግሞ ይህ ይብሳል።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ጨዋታ ውጭ አይደላችሁም። ቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ሞተሩ 204 ፈረስ ጉልበት አለው። ከልጁ ስፖርት መኪና ጋር ይተካከላል። ክብደቱ ግን ከ2,000 ኪሎ በላይ ነው። ጉልበቱ ደግሞ እግር ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ ይመጣል። ስለዚህ የኋላ ጎማው ቶሎ ይበላል። ብዙዎቹ የፊትና የኋላ ጎማቸው ስፋት ስለሚለያይ ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም። ሲገዙ የጭነት ቁጥሩን ማየት ለእናንተ ግዴታ ነው። ደጀን ላይ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ፤ የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት የለውም። ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ልጁ በመጨረሻ 16 ኢንች ቸርኬ አፈላልጎ አገኘ። ላዩ ላይ የመካከለኛ ብራንድ የስፖርት ሳመር ጎማ አደረገ፤ ምርቱ የስድስት ወር። አራቱንም ገዛ። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ) አስተካከለ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባው ነገር ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ መጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ደብረ ማርቆስ አክስቱ ጋ ደርሶ ተመለሰ። መሪዋ ትንሽ ለስለስ አለብኝ፣ እንደ በፊቱ ቁጡ አይደለችም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ረዘም ያለ ጎን ያንን ያመጣል። መርዓዊ ጋ ግን ዶፍ ወርዶበት ነበር። ስለ ዶፉ የነገረኝ በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ ነው።

አሮጌዎቹን አራት ጎማዎች ምን ላድርጋቸው ሲለኝ በረባሶ ሠሪው ጋ ወሰድናቸው። ሰውዬው አገላብጦ አያቸው። መሃሉን በጩቤ ጫፍ ወጋ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ጎኑን ለካ። ዘጠኝ ተኩል ሴንቲ ሜትር።

"ይህቺማ ለሕፃን ጫማም አትበቃ" አለና ወደ ልጁ ዞረ። "በዚህች ነው ዓባይን የወረድካት?"